«ቋንቋዋን አላውቅም» ያለው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ አገሩን ትቶ፣ ከባሕር ማዶ ወዳለች፣ የዓለም ሀብታም ሁሉ ለመዝናናት ወደሚጎርፍባት የባሕር ጠረፍ ከተማ ሄደ። ስሙ ዘለለው ይባላል። እጁ የተባረከ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ የሆቴል እንግዶች ሱፋቸውን ከእሱ በቀር ለማንም የማይሰጡ ሆኑ። ፀሐይና ባሕር ፈልገው ከየአገሩ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ባለጸጎችም ወደዱት፤ ባሕሩን በሚያየው በረንዳቸው ላይ ቁርስ ይጋብዙት ጀመር።

ታዲያ በዚያች ከተማ የአገሩ ሰዎች የሚታወቁት በቤት ሠራተኝነት ብቻ ነበር። ዘለለው ከእነሱ ጋር መቆጠርን ፈራ። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት ማንም የማያውቃት የሩቅ ደሴት ስም ጠራ። ውሸቱም ተደላድሎ ተቀመጠለት። መንገድ ላይ የአገሩን ቋንቋ ሲሰማ እንኳ እርምጃውን ያፈጥን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከወዳጆቹ ጋር በረንዳቸው ላይ ቁርስ እየበላ ሳለ አንዲት ሴት በአሸዋው ላይ እየሮጠች ወደ በረንዳው መጣች። ትብለጥ የምትባል ያገሩ ልጅ ናት፤ አንድ ሽማግሌ እየተንከባከበች ትኖራለች። ሽማግሌው ዋና ይወዳሉ፤ እሳቸው ሲዋኙ እሷ ፎጣቸውን ይዛ ዳር ላይ ትጠብቃቸዋለች።

«ኧረ የሰው ያለህ! አባባን ውሃ ወሰዳቸው! ድረሱልኝ!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። የምታውቃት ጥቂት የዚያ አገር ቋንቋ በድንጋጤ ጠፍታባታለች። ወደ ባሕሩ ብታመለክትም የሚዋኘው ሰው ብዙ ነበርና ማንም አልገባውም። አንዳንዱማ ለማኝ መስላው ፊቱን አዞረባት። ድንገት ዓይኗ ዘለለው ላይ አረፈ።

«ወንድሜ፣ ያገሬ ሰው አይደለህም? ንገርልኝ እንጂ!»

ዘለለው እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል።

«ምን ትላለች? ቋንቋዋን ታውቃለህ እንዴ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ወዳጁ።

«አላውቅም» አለ ዘለለው፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

ትብለጥ አንዴ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ሮጠችና ዋና ሳትችል ከነልብሷ ባሕሩ ውስጥ ገባች። ሰው የነቃው ይሄኔ ነው። ዋናተኞች ደርሰው ሁለቱንም አወጧቸው። እሷ ተረፈች፤ ሽማግሌው ግን አልተረፉም።

የሽማግሌው ልጅ ስትደርስ ሐዘን አእምሮዋን አስቷት ነበር። «ቆማ እያየች አባቴን ለባሕር አስበላችው!» ብላ ትብለጥን ከሰሰቻት። ፖሊስ መጥቶ ቢጠይቃት በአማርኛ መለሰች፤ የሚረዳት ጠፋ። «የዚህችን ሴት ቋንቋ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ዙሪያውን ተጣራ።

ዘለለው ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቆሞ ነበር። ወደ ፊት ወጣና፣ «እኔ አውቃለሁ» አለ። ወዳጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ለምን ቶሎ እርዳታ እንዳልጠራች ጠይቃት» አለው ፖሊሱ።

ጠየቃት። እሷም ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ጠርቻለሁ፤ የሰማኝ ሰው ግን ዝም አለ» አለችው።

ይህን በገዛ አፉ መተርጎም ነበረበት። ቢያጣምመው የሚያውቅበት አልነበረም፤ ሆኖም ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ «የሰማት ሰው እኔ ነኝ። ሽማግሌው ገና በሕይወት ሳሉ ነግራኝ ነበር። ያገሬ ሰው መሆኗ እንዳይታወቅብኝ ብዬ አላውቅም አልኩ። እሷ ጥፋት የለባትም» አለ። የሟቹ ልጅ ጀርባዋን ሰጠችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ትብለጥ ነፃ ተለቀቀች። ዘለለው ተከትሏት፣ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«ለእኔስ ተናገርክልኝ፤ እግዜር ይስጥህ» አለችው። «ለእሳቸው ግን መች ተናገርክላቸው?»

ጥላው ሄደች።

ወዳጆቼ፣ ሰው ተሰዶ ቢያልፍለት፣ ከትልልቆች ጋር ቢቀመጥ ነውር የለበትም። ነውሩ ክብሬ ይነካል ብሎ የሰማውን ጩኸት አልሰማሁም ማለቱ ነው። ዘግይቶ የተነገረ እውነት የተከሰሰውን ነፃ ያወጣ ይሆናል፤ የሞተውን ግን አያስነሳም። እስቲ ሁላችንም ራሳችንን እንጠይቅ፦ ማንነታችን እንዳይታወቅብን ብለን፣ ሰምተን እንዳልሰማን ያለፍነው የማንን ጩኸት ነው?