ጓደኛዋን ለመብለጥ የከሳችው ነጋዴ

አንድ የገበያ ከተማ ውስጥ ሱቆቻቸው ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት ሴቶች ነበሩ። እልፍነሽ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ የሺመቤት ድስትና ሰሃን። ሱቅ የከፈቱት በአንድ ዓመት ነው፣ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ፣ ውፍረታቸውም እኩል ነበር። ገበያተኛው መንትዮቹ ይላቸዋል። የገበያውን ደረጃ ሲወጡ ሁለቱም ያለከልካሉ፤ በዚያም አብረው ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን የሺመቤት ጉልበቷን አሟት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ የደም ግፊቷ ከፍ ማለቱን፣ የደም ስኳሯም የስኳር በሽታ ድንበር ላይ መድረሱን ነገራት። ክብደት ብትቀንስ ያለ መድኃኒት ልትስተካከል እንደምትችል፣ ነገር ግን ነገሩ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስረዳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጅ መሳፈር ተወች። ከቤቷ እስከ ሱቋ በእግሯ ትሄዳለች፣ በእግሯ ትመለሳለች። ለስላሳ መጠጣት አቆመች፤ የሻይዋን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ ግማሽ አወረደች። እንጀራ አልተወችም፤ ከሁለት ወደ አንድ ቀንሳ ጎመኑንና ምስሩን አበዛች። ራቷን በጊዜ በልታ በጊዜ ተኛች።

ሦስት ወር ሙሉ ማንም አላስተዋለም። በስድስተኛው ወር ግን ቀሚሷ ሰፋት፤ ደንበኞቿም ልጅ ሆንሽ እኮ ይሏት ጀመር።

ይህን ሁሉ እልፍነሽ ከፊት ለፊት ሆና ትሰማለች። በመጀመሪያ ጓደኛዋ የታመመች መሰላት፤ እውነቱን ለመናገር አላዘነችም። ደህና መሆኗን ስታውቅ ነው ውስጧ የተቃጠለው። የሺመቤትን የሚያመሰግን ሰው በመጣ ቁጥር ያጠፈችውን ጨርቅ ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። ለራሷ ደንበኞችም የዚያች ሴት ፊት ረገፈ፣ አላማረባትም ትላቸዋለች። ምሳ ላይ ደግሞ ቅቤ የጠገበ ጥብስ ከቤቷ እያመጣች፣ በሞቴ እያለች በትልልቁ ታጎርሳታለች። የሺመቤት አንዱን ጉርሻ ተቀብላ ፈገግ ብላ እጇን ትታጠባለች። ያ ፈገግታ እልፍነሽን ከሁሉም በላይ ያንገበግባት ነበር።

አንድ ቀን አላስችል አላትና ጠየቀች።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የምትወስጂው?»

«ምንም። በእግሬ እሄዳለሁ፣ ቀንሼ እበላለሁ።»

እልፍነሽ አላመነችም። ሰው ከዕድሜ ልክ ጓደኛው እንዲህ ይደብቃል ወይ ብላ ቂም ያዘች። ብዙም ሳትቆይ አንዲት በየሱቁ እየዞረች የማክሻ ክኒን የምትሸጥ ሴት አገኘች። ብልቃጡ ላይ ምን እንዳለበት አልተጻፈም። እልፍነሽ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስንት ጊዜ እንደሚያከሳ። ጠዋትና ማታ ክኒኑን ትውጥ ጀመር፤ እስኪመሽ ከሎሚ ውኃ በቀር ምንም አትቀምስም። ምሳ አብሮ መብላትም ቀረ።

በአምስት ሳምንት ውስጥ እልፍነሽ፣ የሺመቤት በብዙ ወራት ከቀነሰችው በላይ ቀነሰች። አንዲት ደንበኛ ከየሺመቤት በለጥሽ ያለቻት ዕለት፣ ሆዷ ባዶ ቢሆንም የጠገበች መሰላት። ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል፤ መቀስ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጭ ብላ ሳለ ልቧ እንደሮጠ ሰው ይመታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ልጇ እማዬ ተይ ብላ ብትለምናትም ተቆጥታ ዝም አሰኘቻት።

በአንድ የገበያ ቀን ከላይኛው መደርደሪያ የጨርቅ ጣቃ ልታወርድ እጇን እንደዘረጋች ወደቀች። ቀድማ የደረሰችው የሺመቤት ናት። ደንበኞቿን ትታ ሮጠች፣ አቅፋ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻት፣ ከእልፍነሽ መሳቢያ ያገኘችውን ብልቃጥም ለሐኪሙ አሳየች። ሐኪሙ የልቧ አመታት እንደተዛባና ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እንደማትተርፍ ነገራቸው።

እልፍነሽ መናገር ስትችል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የሺ፣ እኔ መክሳት አልነበረም የፈለግሁት። አንቺን መብለጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ታመመች ብዬ ሳስብ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የሺመቤት ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። እልፍነሽ ግን ተነስታ የምትሄድ መስሏት ነበር።

«እኔም ንጹሕ አይደለሁም» አለች የሺመቤት። «በየጠዋቱ የማልፈው በቤትሽ ደጃፍ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቆሜ ነይ አብረን እንሂድ አላልኩሽም። ሙገሳውን ለብቻዬ ወደድኩት። እንደምትቀኚ አውቅ ነበር፤ እሱም ደስ ይለኝ ነበር።»



እልፍነሽ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ ሐኪሙ እንዳስጠነቀቃት፣ የቀነሰችው ኪሎ ሁሉ በጥቂት ወራት ተመለሰ፤ ጨምሮም መጣ። ገበያው አወራ። ሱቋን ዘግታ ከቤት ልትቀር ባሰበችበት ጠዋት የሺመቤት በሯን አንኳኳች። ያን ዕለት በእግራቸው፣ መንገዱ ላይ እስካለው ድልድይ ብቻ ሄዱ፤ እልፍነሽ ደክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ የሺመቤትም አጠገቧ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ወር እልፍነሽ የቀነሰችው ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። አልቅሳ ልትተወው ነበር፤ ግን አልተወችም። ሁለት ዓመት ፈጀባት። ዛሬም ከየሺመቤት ትወፍራለች። የልብ መድኃኒቷን ደግሞ ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ታዟል። ደረጃውን ግን ሳታርፍ ትወጣዋለች፤ ጓደኛዋን ሲያመሰግኑ ስትሰማም አብራ ታመሰግናለች።

ወዳጆቼ፣ ሰውነታችን ለዓመታት የተሸከመውን በአምስት ሳምንት አራግፍ ስንለው ሥጋውን ብቻ አይጥልም፤ ጤናውንም አብሮ ይጥላል። ጤና የሚመጣው በየቀኑ በምንራመደው መንገድ፣ በልክ በምንበላው ማዕድና በትዕግሥት ነው። ቅናት ግን ትዕግሥት የለውም፤ የሚያየው የሌላውን ወገብ እንጂ የራሱን ልብ አይደለም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ለመለወጥ የምንደክመው ለጤናችን ነው ወይስ ሰው ለመብለጥ? ቀድሞ የተሳካልን ከሆነስ፣ መንገዱን ለማን አሳየን?