ግማሽና ሲሶ

አንድ ጉድጓድ ብቻ ባላት የቆላ መንደር ውስጥ አያልነሽ የምትባል መምህርት ታስተምር ነበር። ቁጡ ነበረች፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ልጆቹን ትወዳቸው ነበር፤ አንድ ነገር ከጀመረችም ሳትጨርስ የምትተው ሴት አልነበረችም።

በዚያች መንደር የጉድጓዱን ገመድና የቀጂዎችን ተራ የሚጠብቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የዚያን ጊዜው የውሃ አባት አያ ሽበሺ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ልጆች ናቸው። አያልነሽ ግን ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ አሥራ አንድ ልጃገረዶች ጠዋቱን ትምህርት ቤት እንዲውሉ አስፈቅዳለች። ፈቃዱ እንዲሁ የተሰጠ አልነበረም። አያ ሽበሺ መጋቢት ሲያልቅ ራሳቸው መጥተው እንደሚጠይቁ፣ ልጆቹ የረባ ነገር ካላወቁም አሥራ አንዱም ወደ ባልዲያቸው እንደሚመለሱ ቁርጡን ነግረዋታል።

ቀኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክፍልፋይ መደመር ጀመሩ። አያልነሽ ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ብላ ጻፈች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሁለት አምስተኛ አለ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው ነው። ስህተት ነው አለችና አሠራሩን አሳየች። በማግስቱም ያው ሁለት አምስተኛ ሆነ። ደብተራቸው ላይ ትክክለኛውን ሃያ ጊዜ አስጻፈቻቸው፤ ሃያ ጊዜ ጻፉና በሃያ አንደኛው ሁለት አምስተኛ አሉ። ጮኸች፣ አንበረከከች፣ ከእረፍት አስቀረች። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለቀ። የቀራት አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ የልጃገረዶቹ ነገር እንቅልፍ ነሳት።

ሰኞ ጠዋት ልትቆጣ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የሻረግ የምትባለውን፣ ከልጃገረዶቹ አንዷን፣ ለምን ሁለት አምስተኛ እንዳለች ጠየቀቻት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለምን ብላ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የሻረግ እየፈራች ተነሳች። «ቲቸር፣ እኛ ቤት ካሉት ሁለት ፍየሎች አንዷ ትታለባለች። አክስቴ ቤት ካሉት ሦስት ፍየሎች አንዷ ትታለባለች። በበጋ ስናቀላቅላቸው ከአምስት ፍየል ሁለቱ ይታለባሉ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትነው?»

በዚያ አገር ዘመዳሞች በበጋ ፍየሎቻቸውን አንድ ላይ ያግዳሉ፤ ልጆቹም የሚታለበውን ከማይታለበው እየለዩ ሲቆጥሩ ነው ያደጉት። አያልነሽ ስህተት ነው ስትል የከረመችው ነገር በረት ውስጥ እውነት ነው። በጣም አፈረች፤ ግን ማፈሯ ከሥራዋ አላገዳትም።

ከጉድጓዱ የተጣለ አሮጌ ገመድ አስመጣች። የመንደሩ ሰው አንዱን ክንድ ስድስት ጋት ብሎ ይከፍለዋል፤ ጋት ማለት የአራት ጣት ስፋት ነው። የክንድ ግማሽና የክንድ ሲሶ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ቆርጣ መሬት ላይ ጫፍ ለጫፍ አጋደመቻቸው። ከዚያ ሌላ አንድ ክንድ ገመድ አምስት እኩል ቦታ አስቆረጠችና ሁለቱን ቁራጭ ከጎናቸው አስቀመጠች። የሻረግ ጎንበስ ብላ አየች። ሁለት አምስተኛው ከግማሹ ብቻ እንኳ ያጥራል።

«ጨምረን እንዴት አነሰ?» አለች።

«ፍየሎቹ ሲቀላቀሉ መንጋው ራሱ በዛ፤ ሁለት የነበረው አምስት ሆነ» አለች አያልነሽ። «ክንዱ ግን አልበዛም፤ ያው አንድ ክንድ ነው። አሁን ግማሹንና ሲሶውን በጋት ለኩልኝ።»

ለኩ። ግማሹ ሦስት ጋት፣ ሲሶው ሁለት ጋት ወጣው። አንድ ላይ አምስት ጋት፣ ከስድስቱ አምስቱ ማለት ነው። አምስት ስድስተኛ የሚለውን ከመምህርቷ አፍ ሳይሰሙ ራሳቸው ተናገሩት። ሳምንቱን ሙሉ ገመድ ሲቆርጡና ሲያጋድሙ ዋሉ። መቀነስም ጀመሩ፤ ከትንሹ ላይ ትልቁ ሲቀነስ የሚመጣውን ጉድለት ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገው መጻፍ ለመዱ። አያልነሽ አሁንም ትቆጣለች፤ ግን መጀመሪያ ትጠይቃለች።

ዓርብ ዕለት አያ ሽበሺ አንዳንድ አባቶችን አስከትለው መጡ። ጥያቄያቸው ከራሳቸው ጭንቀት የወጣ ነበር። በድርቁ ምክንያት የጉድጓዱ ውሃ በግማሽ ክንድ ወርዷል፤ እሳቸውም ዛሬ ጠዋት፣ ድሮ ልክ ይበቃ በነበረው ገመድ ላይ የክንድ ሲሶ ቀጥለውበታል። ይበቃል ወይስ አይበቃም ብለው ጠየቁ።

የሻረግ ወደ ሰሌዳው ወጣች። ከአንድ ሦስተኛ ላይ አንድ ሁለተኛ ቀነሰች፤ የመቀነስ ምልክት አድርጋም አንድ ስድስተኛ ብላ ጻፈች። «አይበቃም፣ አያ ሽበሺ። አንድ ጋት ይጎድለዋል።»

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ገመድ ሲቀጥሉ የኖሩ ሰው ናቸውና አልተዋጠላቸውም። ሁሉም ተያይዘው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ባልዲው ወረደ፣ ገመዱ አለቀ፣ ባልዲው ሥሩን ብቻ አርሶ ባዶውን ወጣ። የሻረግ አንድ ጋት ለካች፤ ለቋጠሮው የሚሆን ትርፍ ጨምራም ቀጠለችበት። በሁለተኛው ጊዜ ባልዲው ሞልቶ ወጣ።

አያ ሽበሺ ወደ አባቶቹ ዞሩ። «ከነገ ጀምሮ የጠዋቱን ውሃ እኛ እንቀዳለን። እነሱ ይማሩ» አሉና የመጀመሪያውን ተራ ለራሳቸው ያዙ።

ወዳጆቼ፣ ልጅ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ የሚሠራ እውነት ወደማይሠራበት ቦታ ይዞ መጥቶ ነው። ያንን እውነት ሳንጠይቅ ብንጮህበት ሃያ ጊዜ ይጽፍልናል፤ በሃያ አንደኛው ወደ ራሱ ይመለሳል። አያልነሽ ልጆቿን ያዳነችው ባለመታከቷ ነው፤ ግን አለመታከቷ ፍሬ ያፈራው ለምን ብላ የጠየቀች ቀን ነው። እናንተስ፣ በቅርቡ ስህተት ነው ብላችሁ የመለሳችሁትን ልጅ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠይቃችሁታል?