በግ የበላው የግራዝማች ውሻ

የገበሬውን በግ ለድግሱ እያስነዳ የሚበላ፣ ግራዝማች ወልደአረጋይ የሚባል ሹም ነበር። አንዲት ምላሰኛ ሴት ከቡችላነቱ ጀምራ ያሠለጠነችው፣ በግ ሳይነክስ መንጋ የሚመልስ ውሻ እንዳላት ሲሰማ በጉልበት ወሰደባት።

ክረምቱ ሳይወጣ ውሻው ከግራዝማች በጎች አንዱን ሰብሮ በላ። ግራዝማች ተቆጥቶ ሴትዮዋን በአደባባይ አስጠራትና፣ «ሌባ ውሻ አሠልጥነሽ በጌን አስበላሽኝ! በይ መልስ ስጪ፣ አለዚያ ጅራፍ ይጠብቅሻል» አላት።

ሴትዮዋም እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ እኔ ያስተማርኩት መጠበቅ ነው። መብላቱን የተማረው እዚህ ግቢዎ ከገባ ወዲህ ነው። ቢሆንም ትምህርቱን ገና አልጨረሰም፤ የድሃ በግ መብላት አልጀመረም።»