ለአትጠገብ ያልበራው ሻማ

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ይህ ነገር ጮክ ተብሎ አይወራም።

አያ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከልጃቸው ከጥሩዓለምና ከልጅ ልጃቸው ከአትጠገብ ጋር በአንድ ጉብታ ሥር ይኖራሉ። አትጠገብ የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት ደግሞ እንደ ሌላው ቀን በየዓመቱ አትመጣም፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ስለዚህ አትጠገብ ልደት ተደርጎላት አያውቅም። አያ ይርዳውም በሆዳቸው "እሰይ" ይሉ ነበር። ከእርሷ በፊት የተወለዱት ሁለት ወንድሞቿ አራተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ጉብታው ላይ ተቀብረዋል። ልጅ ከተቆጠረ ይታያል፣ ከታየ ይወሰዳል ብለው ፈሩ። ሰው "ስንት ዓመቷ ነው?" ሲላቸው "እንዲያው እግዜር ያሳድጋት" ይላሉ እንጂ ቁጥር ከአፋቸው አይወጣም።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት መጣች። አትጠገብ የጎረቤት ልጅ ሻማ ስታጠፋ አይታ ኖሮ፣

"አባባ፣ እኔም አንዲት ሻማ እፍ ልበል" አለች።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። እፍ ብቻ።"

"ምን ያስጨንቃል አባዬ?" አለች ጥሩዓለም። "አንድ ዳቦ ደፍቻለሁ፤ አንድ ሰፌድ ፈንዲሻ አለ፤ የእማማ ዳሳሽን ሦስት ልጆች ጠርቻለሁ። ድንኳን አንተክል፣ በግ አናርድ። ጀምበር ሳትጠልቅ ያልቃል።"

"ሳትጠልቅ ይለቅ እንግዲህ" አሉ አያ ይርዳው፣ ልባቸው ፈራ ተባ እያለ። ሻማውን ዳቦው ላይ ተከሉና ክብሪት ጭረው አስጠጉ። ክብሪቱ ጠፋ። ሁለተኛ ጫሩ፤ ጠፋ። ያን ጊዜ ሻማው በቀጭን ድምፅ፣

"አልበራም" አለ። "ለማን ብዬ?"

"ለዚህች ልጅ ነዋ!"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

አያ ይርዳው ምላሳቸውን ነከሱ። "እንዲያው… ትንሽ ናት።"

"እኔም እንዲያው ልቁም" አለ ሻማው።

አያ ይርዳው ዘወር ቢሉ አትጠገብ በሩ ላይ ቆማለች። የበሩ ጥላ ወለሉ ላይ ወድቋል። በእግሯ ሥር የተኛችው ድመት ጥላም ወድቋል። የአትጠገብ ጥላ ግን የለም።

ደንግጠው እጇን ያዙና የክብሪቱን ሳጥን አንኳኩ።

"ክብሪት ክብሪት፣ ሻማውን አቃጥልልኝ። ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም እየመሸ ነው።"

"አላቃጥልም" አለ ክብሪቱ። "ሻማው ምን በደለኝ? ለመሆኑ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?"

"እግዜር ያሳድጋት።"

"አሜን፣ ያሳድጋት" አለና ክብሪቱ ሳጥኑ ውስጥ ተገልብጦ ተኛ።

ሄዱ ወደ ውሃው። ውሃው ጓዳ ውስጥ በገንቦ ተቀምጧል።

"ውሃ ውሃ፣ ክብሪቱን አርጥብልኝ። ክብሪቱ ሻማውን አላቃጥልም አለ፣ ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም እየመሸ ነው።"

"አላረጥብም" አለ ውሃው። "ክረምቱን ሙሉ ስዘንብ ከርሜ ገና አሁን አረፍ ማለቴ ነው። ደግሞስ ለማን?"

"ይቻትና!" ብለው አያ ይርዳው አትጠገብን ወደ ገንቦው አፍ አስጎነበሷት። ውሃው ውስጥ ጣሪያው ታየ። የእርሳቸው ሽበት ታየ። በአትጠገብ ፊት ቦታ ጣሪያው ብቻ ነበር።

"አባባ፣ እኔ የት ነኝ?" አለች። ድምፅዋ ከሩቅ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ነበር።

"እዚህ ነሽ እናቴ፣ እዚህ ነሽ" አሉና እየጎተቷት ወደ ደጅ ሮጡ። ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ ታያለች።

"ፀሐይ ፀሐይ፣ ውሃውን አድርቂልኝ። ውሃው ክብሪቱን አላረጥብም አለ፣ ክብሪቱ ሻማውን አላቃጥልም አለ፣ ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም እየመሸ ነው።"

"አላደርቅም" አለች ፀሐይ። "ልገባ ነው፤ ለሚገባ ሰው ሥራ አይታዘዝም። ልጅ ትላለህ፣ የት አለች? እኔ የማየው ባዶ እጁን ጨብጦ የሚሮጥ ሽማግሌ ነው።"

አያ ይርዳው እጃቸውን አዩ። የአትጠገብ እጅ በእጃቸው ውስጥ አለ፤ ግን እንደ ጥጥ ቀሏል። ለእናቷ ለጥሩዓለም ሊያሳዩዋት ወደ ቤት ተመለሱ። የእማማ ዳሳሽ ልጆች መደብ ላይ ተደርድረው ድምፅ ሳያሰሙ ፈንዲሻ ይበላሉ። ጥሩዓለም አራት ብርጭቆ ደርድራ፣ አራተኛውን እያየች ቆማለች።

"አባዬ፣ የጠራነው ሦስት ልጅ አይደል? ይህ አራተኛው ለማን ነበር?"

"ለአትጠገብ ነዋ!"

"ለየትኛዋ አትጠገብ?" አለችና ግንባሯን አሸት አሸት አድርጋ ብርጭቆውን አነሳችው።

አያ ይርዳው ወጥተው ወደ ላይ ጮኹ።

"ደመና ደመና፣ ፀሐይን ሸፍንልኝ። ፀሐይ ውሃውን አላደርቅም አለች፣ ውሃው ክብሪቱን አላረጥብም አለ፣ ክብሪቱ ሻማውን አላቃጥልም አለ፣ ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም እየመሸ ነው።"

"አልሸፍንም" አለ ደመናው። ምክንያቱንም አልተናገረም።

"ነፋስ ነፋስ፣ ደመናውን በትንልኝ። ደመናው ፀሐይን አልሸፍንም አለ፣ ፀሐይ ውሃውን አላደርቅም አለች፣ ውሃው ክብሪቱን አላረጥብም አለ፣ ክብሪቱ ሻማውን አላቃጥልም አለ፣ ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም እየመሸ ነው።"

"ኧረ አልበትንም!" አለ ነፋሱ እየሳቀ። "አያ ይርዳው ሲሮጥ ማየት ይሻለኛል። ሩጥ እንጂ፣ ጉብታው ገና ይቀርሃል!"

ጉብታውን ሲፈሩት የኖሩ ናቸው። ለቀብር እንጂ ለሌላ ወጥተውበት አያውቁም። ግን የአትጠገብን እጅ ጭብጥ አድርገው አቀበቱን ወጡ። ሁለቱ ትንንሽ የድንጋይ ክምሮች ጋ ሲደርሱ እስትንፋሳቸው ተቆራረጠ።

"ጉብታ ጉብታ፣ ነፋሱን አግድልኝ። ነፋሱ ደመናውን አልበትንም አለ፣ ደመናው ፀሐይን አልሸፍንም አለ፣ ፀሐይ ውሃውን አላደርቅም አለች፣ ውሃው ክብሪቱን አላረጥብም አለ፣ ክብሪቱ ሻማውን አላቃጥልም አለ፣ ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም እየመሸ ነው።"

ጉብታው ከእግራቸው ሥር፣

"አላግድም" አለ። "ሁለት አሉኝ። ለሦስተኛ ቦታ አላጣም።"

አያ ይርዳው እጃቸውን አዩ። ባዶ ነው።

ቀና ሲሉ ከክምሮቹ ማዶ አንዲት ቀጭን አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። የተቀመጠችበት ሣር አልተኛም። አትጠገብ አጠገቧ ቆማለች፤ በውስጧ አልፎ ማዶው ይታያል።

"እመይቴ፣ ማን ነዎት?"

"ጳጉሜ ስድስት ነኝ" አለች አሮጊቷ ሳትዞር። "ወሮች ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ታቅፈው ይኖራሉ። እኔ ብቻዬን መጥቼ ብቻዬን እሄዳለሁ። ይህች ልጅ በእኔ ቀን ተወለደች። ማንም አልቆጠራትም። ሰው ያልቆጠረው የእኔ ነው። ጀምበሯ ስትጠልቅ አብራኝ ትሄዳለች።"

"እኔ እኮ የደበቅኋት ከሞት ነው!"

"ከሞት ብቻ መሰለህ? ከሻማው ደበቅሃት፣ ከውሃው ደበቅሃት፣ ከፀሐይ ደበቅሃት። ከእናቷም ደበቅሃት።"

የፀሐይዋ ጠርዝ ማዶ ያለውን ተራራ ነክቷል። አያ ይርዳው ቢቆጥሯት የሚወስዳት ነገር የሚሰማ መሰላቸው፤ ካልቆጠሯት ደግሞ ይቺው እየሄደች ነው።

"እመይቴ፣ ጉብታውን ይርገጡልኝ" አሉ። "ጉብታው ነፋሱን አላግድም አለ፣ ነፋሱ ደመናውን አልበትንም አለ፣ ደመናው ፀሐይን አልሸፍንም አለ፣ ፀሐይ ውሃውን አላደርቅም አለች፣ ውሃው ክብሪቱን አላረጥብም አለ፣ ክብሪቱ ሻማውን አላቃጥልም አለ፣ ሻማው አልበራም አለ፣ አትጠገብ እፍ አላለችም፣ ቀኑም መሸብኝ።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አንድ" አሉ አያ ይርዳው።

"ሁለት" አሉ።

"ሦስት" አሉና ቆሙ። በዚያ ቤት ከሦስት ያለፈ ልጅ የለም። ዓይናቸው ወደ ድንጋዮቹ ሄደ። ከፀሐይዋ የቀረው እንደ ጥፍር ነው። አትጠገብ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አዩ፤ "አባባ" ማለቷ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

"አራት!" ብለው ጮኹ። "አትጠገብ የጥሩዓለም ልጅ፣ አራት ዓመቷ ነው! ሰማይም ይስማ፣ ጉብታውም ይስማ፣ የሚመጣውም ይምጣ፣ አራት!"

ማዶው "አራት" ብሎ መለሰ። አያ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ምንም አልመጣም።

"ከተቆጠረችማ የእኔ አይደለችም" አለች አሮጊቷ። ቅር እያላት ተነሣችና እግሯን አነሣች።

አሮጊቷ ጉብታውን ልትረግጥ ስትል፣ ጉብታው ነፋሱን ሊያግድ ተነሣ። ነፋሱ ደመናውን ሊበትን፣ ደመናው ፀሐይን ሊሸፍን፣ ፀሐይ ውሃውን ልታደርቅ፣ ውሃው ክብሪቱን ሊያረጥብ ተነሣ። ክብሪቱም "ኧረ ሳልረጥብ!" ብሎ ከሳጥኑ ዘሎ ሻማውን ሊያቃጥል ተነሣ። ሻማው "በራሁ፣ በራሁ!" አለ።

ከታች፣ ከቤቱ በር፣ የጥሩዓለም ድምፅ መጣ።

"አትጠገብ! አንቺ ልጅ፣ በዚህ ብርድ የት ሄድሽ? ብርጭቆሽንስ ማን አነሣው?"

"አባባ ጉብታ ላይ አወጣኝ!" ብላ አትጠገብ ቁልቁል ሮጠች። ረጅም ጥላ ከኋላዋ ሮጠ። አያ ይርዳው ጥላውን እንዳይረግጡት እየተጠነቀቁ ተከተሉ።

ገብታም ዳቦው ፊት ቆመችና ጉንጯን ነፍታ፣ እፍ አለች። የእማማ ዳሳሽ ልጆች አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ጀምበር ጠለቀች።

"ሲመጣ ዓመትም እፍ እላለሁ?" አለች አትጠገብ አፏ በዳቦ እንደተሞላ።

"ሲመጣ ዓመት ጳጉሜ ስድስት የለችም፣ ልጄ" አለች ጥሩዓለም።

አያ ይርዳው በክፍቱ በር ወደ ጉብታው አዩ። ጫፉ ላይ ማንም የለም።

"ቀኗ ትቅር እንጂ" አሉ። "እኛ አምስት ብለን እንቆጥራለን።"

ወሬው ይህ ነው፤ እኔ ጨርሻለሁ። እናንተ ግን ቤታችሁ ስትገቡ፣ ጀምበር ሳለች፣ ልጆቻችሁን ቁጠሩ።