ልጆቿን የገፋችው ውሻ

ተረት ተረት፣ ሁሉም ጆሮውን ይክፈት።

ሻሼ የምትባል ውሻ ነበረች። አንድ ቀን ለሃጩ የሚዝረበረብ ያበደ ቀበሮ ወደ ቡችሎቿ ሲመጣ ተናንቃ አባረረችው፤ እግሯን ግን ነከሳት። ቡችሎቿ ቁስሏን ሊልሱላት ሲሮጡ ጥርሷን አሳይታ መለሰቻቸው።

ይህን ያየች ድመት፣ «ምነው ሻሼ፣ እናት ልጇን እንዲህ ትገፋለች?» አለቻት።

«የእብዱ ለሃጭ ቁስሌ ላይ ነው። እኔስ ተከትቤያለሁ፤ እነሱ ገና ናቸው» አለች ሻሼ አንገቷን ደፍታ።

ባለቤቷ እጇን በፌስታል ሸፍና ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደጋግማ አጠበችላት፤ እንደገና አስከተበቻትና ለብቻዋ አሰረቻት። ቡችሎቹ ከአጥር ማዶ ሲያለቃቅሱ ሻሼ ፊቷን አዙራ ትተኛ ነበር።

በሽታው እንዳልያዛት ታይቶ ስትፈታ ጡቷ ደርቋል፤ እነሱም ፍርፋሪ መብላት ለምደዋል። ቢሆንም ሁሉም ሮጠው መጡና ሆዷ ሥር ተሸጉጠው ተኙ።