ወጌሻዋ እንጉዳይና የእናት ስም

ዱሮ ነው፤ መንገድ በእግር በሚያልቅበት፣ እግርም በመንገድ በሚያልቅበት ዘመን። እናንተ ጫማ ላጠኝ ብላችሁ የምታለቅሱ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ዳገት ሥር በምትባል መንደር እንጉዳይ የምትባል ወጌሻ ነበረች። ድኻ ናት። ያላት አንድ ጎጆ፣ አንድ ቅል ቅቤና ሁለት እጅ ነው። ከቆላ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ እግሩን እየጎተተ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ እሷም ታሸዋለች።

አንድ ጊዜ አንድ ጨው ነጋዴ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ መጣ። ገና ሳትነካው ይጮኻል።

"የእናትህ ስም ማነው?" አለችው።

"ዘር..." ሲል ሳበችው። ቀጭ ብሎ ገባ።

"...ትሁን!" ብሎ ጨረሰው፣ እያለቀሰ እየሳቀ።

ብልሃቷ ይኸው ነው። ሰው እናቱን ሲያስብ ሰውነቱ ይላላል። ወሬው በየገበያው ተዳረሰ።

ሌላ ጊዜ አንዲት መንገደኛ ሴት እየተንቀጠቀጠች በሯ ላይ ወደቀች። መንደሩ ፈራ።

"እትዬ እንጉዳይ፣ በሽታ ነው! አትንኪያት!" አሏት ከሩቅ ቆመው።

እሷም ፈርታለች፤ ግን አስገባቻት፣ አሸቻት። ከዚያ በኋላ ከምንጩ ውኃ እንዳትቀዳ ከለከሏት። ጀግኖች!

ሴትዮዋ ገና ሳትነሣ፣ ሽፍታው ደምስ ጉልበቱ ወልቆ እየመጣ ነው ተባለ። ከወንዝ ማዶ ያለውን ወጌሻ "አሳመምኸኝ" ብሎ ገድሎት ነው የሚመጣው። ጀግኖቹ ዱር ገቡ። እንጉዳይ በሽተኛዋን ጥላ የት ትሂድ? ተቀመጠች።

የሽፍታው ሰዎች በቃሬዛ አምጥተው ፊቷ አኖሩትና ወጡ። ጠመንጃውን አንገቷ ላይ ደገነ።

"አንቺ አሮጊት፣ ካመመኝ ትሞቻለሽ። የእናቴንም ስም እንዳትጠይቂኝ፤ ተንኮልሽን ሰምቻለሁ።"

አፈሙዙ ይቀዘቅዛል። ቅቤው በጣቶቿ መካከል ረጋ። የወለቀ ጉልበት ሳያም አይገባም፤ ይህን ታውቃለች። ከመደቡ ላይ የበሽተኛዋ ትንፋሽ ይሰማታል።

አሸች። አሸች። ደግሞ አሸች።

"አልጠይቅህም ጌታዬ" አለች። "እናትህን አውቃታለሁ።"

"ማንን?" አለ።

ሳበችው።

ወደ ኋላው ሲወድቅ ጥይቱ ጣራውን በስቶ ወጣ። ጉልበቱ ገባ። ጭሱ ሲጠራ ግን አፈሙዙ እንደገና እሷ ላይ ነበር።

"እናቴን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም" አለ። "ከየት ታውቂያታለሽ?"

አላውቃትም ብትል ሞተች። አውቃታለሁ ብትል ስሟን ይጠይቃታል።

"ንገረኝና ልወቃት፣ ልጄ" አለች።

 "ሙጭት ትባላለች" አለ፤ ጠመንጃውም ዝቅ አለ። ስለ እናቱ ፀሐይ እስክትጠልቅ አወራ። እንጉዳይ ቅቤ የነካ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ሲጨርስ በእግሩ ሄደ። በሽተኛዋም ሰንብታ በእግሯ ሄደች።

እስከ ዛሬ በዳገት ሥር፣ ወጌሻ መንገደኛ አሽቶ ሲጨርስ የእናቱን ስም ሳይሰማ እጁን አይታጠብም። ለአክብሮት ነው ይላሉ የማያውቁት። ወሬ! እንጉዳይ እጇን የምትታጠብበት ውኃ ለማንሣት እንኳ መነሣት ፈርታ ነው የተቀመጠችው። ግን እየፈራችም ሰማችው።