በቤት ውስጥ የተዘረጋ ጃንጥላ

ልብስ በማጠብ የምትተዳደር፣ መልስ የማይጠፋት አንዲት ሴት ነበረች። የተከራየችው ክፍል ጣሪያው እንደ ወንፊት ስለሚያፈስ ለወረዳው አቤት አለች። ወረዳው ሦስት ክረምት ሙሉ ሲመክርበት ቆይቶ፣ በነሐሴ ዝናብ የቤቶች ኃላፊው ቤቱን ሊያዩ ከረባታቸውን አስረው መጡ። እንደሚመጡ አስቀድመው የነገሩት ግን ለእሷ ሳይሆን ለአከራይዋ ለጋሽ ይፍሩ ነበር።

ኃላፊው ገና ከመግባታቸው ውሃ መላጣቸው ላይ ጠብ አለ። ጋሽ ይፍሩ ፈጠን ብለው ጃንጥላ ዘረጉላቸው፤ እዚያው ቤት ውስጥ።

«ይሄ ሁሉ ሳፋ ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው ወለሉን እያዩ።

«ልብስ አጣቢ አይደለች እንዴ!» አሉ ጋሽ ይፍሩ።

ኃላፊው በጃንጥላው ሥር እንደቆሙ ቅጹን አወጡ። «ጣሪያው አያፈስም» የሚለው ከቢሮ ተሞልቶ ነው የመጣው።

«ፈርሚ!» አሏት። «ካልፈረምሽ ጋሽ ይፍሩ ነገውኑ ያስወጡሻል፤ ከዚያ አቤቱታሽን ለሜዳው ታሰሚያለሽ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን ተቀብላ እሷም ከጃንጥላው ሥር ገባች። ቀና ብላ አየችው።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ እዚህ ጋ አያፈስም፤ እፈርማለሁ። ብቻ ከፊርማዬ በላይ አንድ መስመር ይጨምሩልኝ። ጋሽ ይፍሩ መስከረም እስኪጠባ ድረስ እንዲህ ጃንጥላ ይዘው አልጋዬ አጠገብ ይቆማሉ፤ እጃቸው ሲዝል ደግሞ እርስዎ ይቀበሏቸዋል።»